ከዚህ ክፍል አይወጣም

መይሙና በከር ያን ቀን ደረጃውን የወጣችው ልትታከም አልነበረም፤ ልትጣላ ነው። ከማን ጋር እንደምትጣላ ብቻ ገና አልለየላትም። ሕንጻው ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት አንዱ ነው፤ ከምድር እስከ ጣሪያው ጠበቃ፣ ውል ጸሐፊና ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቶበታል። የሥነ ልቦና አማካሪዋ ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ጠበቆች መሀል ተሸጉጧል። መግቢያው ላይ የቆመ ደላላ ገና ሲያያት፣

"እህት፣ ክስ ነው ውል? ፍቺ ከሆነ አንደኛ ጠበቃ አለኝ" አላት።

"ፍቺ የምፈልግ ነው የምመስለው?"

"ፊትሽን አይቼ ነው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ!"

ውሸት አልተናገረም። ከወራት ወዲህ እውነቱን ፊት ለፊት የነገራት ሰው ቢኖር ይሄ ደላላ ሳይሆን አይቀርም። መይሙና አንድ ነገር ልትመልስለት አስባ ተወችውና ደረጃውን ተያያዘችው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቷ ጋሽ በከር ደሴ ላይ ሲሞቱ መይሙና እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ የስምንት ወር ሆድ ይዛ በጎኗ ተኝታ ነበር። ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ሐኪሙ "አትነሺ፣ አትድከሚ፣ አትደንግጪ" ብሏታል። በኛ አገር ደግሞ ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ የሚሽረው ግን የለም። ባሏ ፈሀድ ገና ሕመማቸው ሲጠና "ለዕቃ ነው" ብሏት ደሴ ሄደ፤ አማቱን ቀብሮ ተመለሰ። ታላቅ እህቷ ቢልቂስ ከለቅሶ ቤት እየደወለች ስለ ሽንኩርት መወደድ ታወራት ነበር። ጎረቤቱ አወቀ፣ ዕድርተኛው አወቀ፣ ከታች ያለው የዳቦ ቤት ሻጭ ሳይቀር አወቀ። ያላወቀችው የገዛ ልጃቸው ብቻ ናት።

መደበቁን እንኳ ትችለው ይሆናል። እሷም በተራዋ ስንት ሰው ላይ ስንት መርዶ ደብቃለች። አንጀቷን ያሳረራት ሌላ ነው። መይሙና ልብስ ሰፊ ናት፤ ጌጃ ሰፈር የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት ቤት አላት። ያን ሰሞን የስፌት መኪና መርገጥ ተከልክላ ስለነበር፣ ለዒድ ብላ አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ በእጇ፣ በመርፌ፣ ለአባቷ ነጭ ጀለቢያ ሰፋችላቸው። ፈሀድ ተቀብሏት ወጣ። "ላክሁት" አለ። ዒድ አልፎ "እንዴት ነው፣ ጠበባቸው?" ስትለው "ልክ ሆነላቸው፤ በጣም ወደዱት" አላት። ልክ ሆነላቸው! ከፈን ለብሰው ለተቀበሩ ሰው!

ይሄ ብቻ ቢሆን። "'የኔ አበባ፣ አላህ በሰላም ይገላግላት' እያሉ ዱዓ ሲያደርጉልሽ ነበር" አላት። ይባስ ብሎ ደግሞ "ወንድ ከሆነ አብዱልከሪም በሉት ብለዋል" አላት። እሷም አለቀሰች፤ በደስታ። ልጁ ተወለደ፣ ወንድ ሆነ፣ በሰባተኛው ቀን በግ ታረደለትና አብዱልከሪም ተባለ።

ከአርባዋ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ከሱብሂ ሶላት መልስ፣ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ደጅ ላይ እያወለቁ ሲገቡ መይሙና ገባት። ማን እንደሆነም ገባት። "መቼ?" ብቻ ነው ያለችው። ቀኑን ነገሯት። ለለቅሶ አፏን ስትከፍት ጀለቢያው ትዝ አላት፤ ለቅሶው እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። እስካሁንም እዚያው ነው።

ከዚያ ማለዳ ወዲህ ልጇን በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ልጁ" ነው የምትለው። "ልጁን አምጡልኝ"፣ "ልጁን ውሰዱልኝ"። ስታጠባው ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ዓይኑን ባየች ቁጥር ያ የውሸት ስም ይመጣባታላ! ክትባት ስትወስደው ሲስተር ሳሚያ "ማሻአላህ፣ ስሙ ማነው?" ብላ ብትጠይቃት፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች፤ ምንም አልወጣትም። ሲስተር ሳሚያ መርፌውን አስቀምጣ ጎኗ ተቀመጠች። "እህቴ፣ ይሄ ነገር እንዲህ ከቀጠለ ልጁ ያውቅብሻል። ሕፃን ነው ብለሽ እንዳትንቂው" አለቻትና የአንዲት አማካሪ ስልክ ሰጠቻት። ከባሏ እንድትታረቅ ሽማግሌ ተልኮባት መልሳለች፤ እነሱ ራሳቸው ያውቁ ነበራ! ይህችኛዋ ግን ሳሚያ እንደነገረቻት ከሰፈሩ ማንንም የማታውቅ ናት። መይሙናን የሳባት ይኸው ብቻ ነው።

ምን እንደሚጠብቃት ጎረቤት ሁሉ ሲተነትንላት ሰንብቷል። አንዷ "ሶፋ ላይ አጋድመው ሕልምሽን ይጠይቁሻል" አለቻት። ሌላዋ "የእንቅልፍ ክኒን ነው የሚሰጡት፣ እንዳትቀበዪ" አለች። ቢልቂስ ደግሞ "ምክር ከሆነ እኔ አለሁልሽ አይደል? ምን ባዕድ ቤት ያስኬድሻል?" ብላ አኮረፈች። መይሙና ስትገባ ሶፋም ክኒንም የለም። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ባለ መደገፊያ ወንበር፣ ጫፉ ተጣሞ የተሰፋ መጋረጃ። መሀል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት። ሶፍቱን ስታይ ደሟ ፈላ። እንድታለቅስ ተደግሶ ይጠብቃታል እንዴ!

አማካሪዋ ኑኃሚን ትባላለች። መይሙና የጠበቀችው ጠና ያለች ሴት ነበር፤ ያገኘችው ከራሷ በዕድሜ የምታንስ፣ ስኒከር ያደረገች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ልጅ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ። ደስ ያለዎት ወንበር ላይ ይቀመጡ" አለች።

"አንቺ በይኝ" አለች መይሙና፣ ለበሩ የሚቀርበውን ወንበር ይዛ። "አንቱ እያሉ የሚዋሹኝ ሞልተውልኛል።"

"እሺ፣ አንቺ እልሻለሁ።" ኑኃሚን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። "ዛሬ የምንተዋወቅበት ቀን ነው። አንድ ሰዓት ያህል አለን። ሁሉንም ነገር መናገር የለብሽም፤ ያልተመቸሽን ጥያቄ 'አልመልስም' ማለት ትችያለሽ። መሄድ ስትፈልጊም በሩ አይቆለፍም። እኔ መድኃኒት አላዝም። ይህን አድርጊ፣ ያንን ተዪ ብዬም አላዝሽም። ደግሞ እዚህ የምትነግሪኝ በምስጢር ይጠበቃል። ከዚህ ክፍል አይወጣም።"

"በቃ!"

መይሙና ብድግ ስትል ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ።

"እዚህም ምስጢር? እዚህም? ምስጢር ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ? ሕንጻ ሙሉ ሰው ነው ምስጢር የጠበቀብኝ! ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ 'አባትሽ ደህና ናቸው?' ይሉኝ ነበር፤ አላህን ሳይፈሩ፣ እያወቁ! እኔም 'ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ' እላለሁ። እያዘኑልኝ ነበር ወይስ እየሳቁብኝ? ሙት አባቴን በአፌ ደህና ሲያሰኙኝ ከረሙ!"

አላቆመችም። ጀለቢያውን ነገረቻት። የሽንኩርቱን ነገረቻት። ማለዳ ስለመጡት ሽማግሌዎች፣ ሰምታ ስላልወጣላት ለቅሶ፣ አንድ ቤት እየኖሩ ሳሎን ላይ ስለሚተኛው ባሏ፣ አብራው እራት እየበላች ስታየው በሬ ካራጁ ይውላል የሚለው ተረት እንዴት እንደሚመጣባት፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። እየቆመች፣ እየተቀመጠች፣ ደግሞ እየተነሳች።

"'የኔ አበባ' አሉሽ ይለኛል! አባባ? አባባ እኮ በሕይወታቸው 'ቀርፋፋ' እንጂ ሌላ ብለውኝ አያውቁም! ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቁኛል፤ ከሩቅ 'ያቺ ቀርፋፋ መጣች!' ብለው ለሰፈር ያውጃሉ። የሠርጌ ቀን እንኳ 'ሙሽራዋ ቀርፋፋ ናት፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ' ነው ያሉት ለሚዜዎቹ። እና ፈሀድ 'የኔ አበባ' ሲለኝ ለምን አመንኩት? ንገሪኝ! ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ እንዲሉኝ ስጠብቅ ስለነበር ነዋ! እሱ ያውቃል። እኔው ነኝ የነገርኩት። ከራሴ አፍ ወስዶ መልሶ ሸጠልኝ!"

እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠራት። ኑኃሚን ዝም ብላ እያየቻት ነው።

"ምነው? አይዞሽ አትይኝም?"

"ብልሽ ምን ትያለሽ?"

"እጣላሻለሁ!"

"እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው" አለች ኑኃሚን።

መይሙና ሳታስበው ተቀመጠች። ውሃ ቀረበላት፤ ጠጣችው። ኑኃሚንም ወንበሯን ጥቂት ወደ ፊት ሳበች።

"አንድ ነገር ቅድም በደንብ አላስረዳሁሽም" አለች። "ምስጢር ያልኩሽ ከሌላ ሰው ነው፣ ካንቺ አይደለም። ስላንቺ የሰማሁትን ካንቺ ደብቄ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም። በራስሽ ወይም በልጁ ሕይወት ላይ አደጋ ካየሁ ብቻ ለሚረዳሽ ሰው እናገራለሁ፤ እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ለአንቺ ነግሬሽ ነው። ስለዚህ ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። ትናንት እህትሽ ደውላልኝ ነበር። ቢልቂስ እባላለሁ አለችኝ።"

መይሙና ብርጭቆውን አስቀመጠች። ስልክ ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋው ነበር። ቢልቂስ ከዚያ ላይ ነው ያየችው። ሽማግሌ ሲላክ አስቀድሞ ሰው ሄዶ "ይህን አንሱ፣ ያንን እንዳታነሱ" ይላል አይደል? ቢልቂስ አማካሪዋንም እንደ ሽማግሌ ቆጥራ መንገድ ጠርጋላታለች።

"ምን አለችሽ?"

"'የአባቷን የመጨረሻ ቀን እንዳታነሺባት፤ እሱን ያወቀች ቀን አትቆምም' አለችኝ። እኔም ስለ ደንበኞቼ ከማንም ጋር እንደማላወራ፣ መደወሏን ግን እንደምነግርሽ ነገርኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።"

"እዚህም ቀድማኝ ደረሰች!" መይሙና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ሶፍቱ ዘለለ። "እዚህ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ! ቆይ፣ የመጨረሻ ቀን ምን? ገና ያልነገሩኝ አለ ማለት ነው? ይሄ ሁሉ ሳያንስ?"

"እኔ አላውቅም።"

"ፍረጂያ! ሰምተሻል አይደል? ጥፋተኛው ማነው? እሱ ነው እሷ?"

"ፍርድ ከሆነ የፈለግሽው ማዶ አለልሽ" አለች ኑኃሚን፣ በመስኮቱ ወደ ፍርድ ቤቱ ግቢ እያመለከተች። መይሙና ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ጥርሷን ነከሰች። "እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እውነቱን ማወቅ ትችያለሽ ብትባዪ፣ የትኛውን ትመርጫለሽ?"

ይሄን ማንም ጠይቋት አያውቅም። "እርሺው"፣ "ለደግ ብለው ነው"፣ "እሱም ጨንቆት ነው" ያላት እንጂ ምን ትፈልጊያለሽ ያላት የለም።

"አባባ ምን እንዳሉ" አለች ቀስ ብላ። "በእውነት ያሉትን።"

"ማን ያውቃል?"

"ፈሀድ።"

"ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?"

ጮሃበታለች፣ ረግማዋለች፣ ትራስ ወርውራበታለች። መጠየቅ ግን አልጠየቀችውም።

"ብጠይቀውስ? መልሶ ይዋሸኛል።"

"ሊዋሽሽ ይችላል" አለች ኑኃሚን። "ከፈለግሽ እዚህ አብራችሁ መጥታችሁ ልትጠይቂው ትችያለሽ። ያንቺ ፈቃድ ካልሆነ ግን እኔ አልጠራውም። የሚያስቸኩለን ነገር የለም።" ከዚያ ሰዓቷን አየች። "የዛሬው ሰዓታችን አልቋል።"

"ምን ማለት ነው አልቋል? ገና አሁን መጀመሬ እኮ ነው!"

"ሌላ ቀጠሮ የምንይዘውም ለዚህ ነው።"

ኤዲያ! ሰውን ሆዱን ከፍተው፣ ሰዓት አለቀ! መይሙና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞረች። "ሕይወቴን ሙሉ ቀርፋፋ ስባል ኖሬያለሁ" አለች፣ "ዛሬ ግን የሚያስቸኩለኝ ነገር አለ።"

ደላላው አሁንም በር ላይ ነው። "እሺ እህት፣ ተሳካ?" አላት።

"ስልክህን ስጠኝ" አለችው። "ያ ጠበቃህ እስከ ነገ ሊያስፈልገኝ ይችላል።"

በልደታ ማርያም በኩል፣ ጧፍ ሻጮቹን እያለፈች፣ ቤቷ እስክትደርስ አንድም ሰላምታ አልመለሰችም። እየሄደች ለፈሀድ ደወለችለት። ጌጃ ሰፈር የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ነው ያለው፤ ከኋላው መቁረጫው ይጮሃል። "ና" አለችው። "አሁን።" ከወራት ወዲህ እሷ ስትደውልለት የመጀመሪያዋ ነበር። መቁረጫው ወዲያው ዝም አለ።

ቢልቂስ ልጁን ታፋዋ ላይ አስተኝታ ሳሎን ተቀምጣለች። "እንዴት ነበር? መድኃኒት ሰጠችሽ?" አለች።

"ቢልቂስ" አለቻት። ዕድሜዋን ሙሉ እታለም ስትላት ኖራ ዛሬ በስሟ ስትጠራት ቢልቂስ ደነገጠች። "ለምን ደወልሽላት?"

"ልጅት ነገረችሽ? ምስጢር አይደል እንዴ ሥራቸው?"

"ለምን ደወልሽላት ነው የምልሽ!"

"ለደግ ብዬ ነዋ!"

"ለደግ! ለደግ ብላችሁ አባቴን በሕይወት አኖራችሁ፣ ለደግ ብላችሁ ጀለቢያ አለበሳችሁ፣ ለደግ ብላችሁ ልጄን ስም አሳጣችሁት! ክፉ ብታስቡልኝ ኖሮ ምን ልታደርጉ ነበር?"

"እኔስ?" አለች ቢልቂስ፣ ድምጿ ተሰብሮ። "የኔስ አባት አይደሉም? ከለቅሶው ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ፣ ጓዳ ገብቼ፣ እየሳቅሁ ስደውልልሽ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ማሽላ እያረረ ይስቃል ሲሉ አልሰማሽም? አንቺም ልጁም እንዳትሞቱብኝ ፈርቼ ነው!"

መይሙና ይህን አልጠበቀችም። አፏ ላይ የነበረውን ክፉ ቃል ዋጠችው። ንዴቷ ግን አልበረደም። እዚያው ቆማ ሳለች ፈሀድ ገባ፤ ሮጦ ነው የመጣው፣ የአልሙኒየም ብናኝ እጅጌው ላይ ያብለጨልጫል።

"ልጁ ምን ሆነ?" አለ።

"ምንም አልሆነ። ተቀመጥ። ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። አሁንም ከዋሸኸኝ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ነኝ፤ ጠበቃም አግኝቻለሁ። እሷን አትያት! እኔን እየኝ። አብዱልከሪም የሚለውን ስም ከየት አመጣኸው?"

ፈሀድ መሬት መሬት አየ። 

"ከአውቶቡስ" አለ።

"ምን?"

"ከደሴ ስመለስ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሳለቅስ አይተው ደብረ ሲና ላይ ውሃ ገዙልኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ስንወርድ ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ አብዱልከሪም አሉኝ። ቤት ስገባ 'አባባ ምን አሉ?' ብለሽ ዓይን ዓይኔን ስታዪኝ የምልሽ ጠፋኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሳቸው ናቸው።"

መይሙና ትክ ብላ አየችው። ውሸት ምን እንደሚመስል አሁን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ውሸት ያምራል፣ ልክ ይሆናል፣ "በጣም ወደዱት" ይላል። ይሄ አያምርም። ልጇ ስሙን ያገኘው ከማያውቁት መንገደኛ ነው። ደግሞ ፈሀድ አልቅሷል፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ለአባቷ። ይህንንም ደብቋት ነበር።

"ጀለቢያውስ?"

"መስጊድ በር ላይ ለሚቀመጡ ሽማግሌ ሰጠኋቸው። ረዘመባቸው።"

"እሺ። አባባስ? ምን አሉ?"

"መይሙና፣ ይቅርብሽ" አለች ቢልቂስ።

"ዝም በይ! ንገረኝ ፈሀድ።"

"'የኔ አበባ' አላሉም።"

"እሱን አውቃለሁ።"

"ስደርስ በሕይወት ነበሩ" አለ ፈሀድ። "ከጠዋት ጀምሮ አንቺን ሲጠይቁ ዋሉ። 'መንገድ ላይ ናት' እንላቸዋለን።"

"መታመሜን አልነገራችኋቸውም?"

"እንዳይጨነቁ ብለን..."

"እሳቸውንም! እሳቸውንም ዋሻችኋቸው!" መይሙና ጮኸች። ልጁ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። "እኔ እዚህ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ፣ ስልኬ አጠገቤ፣ አባቴ እዚያ ይጠብቁኛል! አንድ ጊዜ ብትደውሉልኝ! ድምፄን ብቻ ቢሰሙ!"

"ቢልቂስ ስልኩን አንስታ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት" አለ ፈሀድ። "ደም ግፊትሽን ፈርቼ። ጥፋቱ የኔ ነው።" ቢልቂስ ልጁን እያባባች ፊቷን አዞረች። "አመሻሽ ላይ ብርዱ ሲጠና በሩን ልንዘጋ ስንል ተቆጡን። 'አትዝጉ! ያቺ ቀርፋፋ ደጅ ቆማ ልትቀር ነው?' አሉን። ቢልቂስ 'አባባ፣ ምናልባት ዛሬ አትደርስም' ስትላቸው ዱላቸውን አነሱባት።"

"ዱላቸውን?"

"ዱላቸውን።"

"ሊሞቱ እያሉ?"

"ሊሞቱ እያሉ። 'ቀርፋፋ ናት እንጂ ቀሪ አይደለችም!' አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። በሩን አልዘጋነውም። እንደተከፈተ ነው ያረፉት።"

ቢልቂስ እህቷ ትወድቃለች ብላ ልጁን ለፈሀድ አቀብላ ተነሳች። መይሙና ግን አልወደቀችም። እነሆ አባቷ። በዱላቸው፣ በቁጣቸው፣ በዚያ በሚያሳፍራት ስም። ያ ለስላሳው ሰውዬ፣ ያ "የኔ አበባ" የሚለው፣ የሳቸው ዘመድ እንኳ አልነበረም። የሷ አባት በር አስከፍተው፣ በደሴ ብርድ፣ እየተቆጡ ጠብቀዋታል። እሷም አልደረሰችም።

"ቀረሁ" አለች። "አባባ፣ ቀረሁ እኮ! ቀረሁ!"

ያ ጉሮሮዋ ላይ የከረመው ወጣ። ሕንጻው ሰማው። ደረቷን እየመታች፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ አባቷን በስማቸው እየጠራች ጮኸች። ቢልቂስም አብራት ወርዳ አቀፈቻት፤ ሁለቱ እህትማማቾች አባታቸውን አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነበር። በሩ ተንኳኳ፣ ተከፈተ፤ ጎረቤቶች ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ያኔ ደረጃ ላይ "አባትሽ ደህና ናቸው?" ያሏት እነዚያው ናቸው። ዛሬ ማንም "በቃሽ፣ ይበቃል" አላላትም፤ ቢሏትም አትሰማም ነበር።

መግሪብ ሲቃረብ ለቅሶው ሰከን አለ። ፈሀድ ልጁን እንዳቀፈ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ልጁ አሁንም ይነጫነጫል። መይሙና ዓይኗ አብጦ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ወርዶ፣ ቀና ብላ አየችው።

"ይቅር አላልኩህም" አለችው። ድምጿ ሻክሯል። "ገና ብዙ እንጣላለን። ያቺ አማካሪ ዘንድም ይዤህ እሄዳለሁ፤ እዚያም እንጣላለን።"

"እሺ" አለ ፈሀድ።

"አሁን ስጠኝ።"

"ማንን?"

ጎረቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ይህንንም ያውቁ ነበራ፤ ስሙን እንደማትጠራ ሕንጻው ሙሉ ያውቃል። መይሙና ሁለት እጇን ዘረጋች።

"አብዱልከሪምን" አለች። "አብዱልከሪምን ስጠኝ፣ ርቦታል።"

ተቀብላው ፊቱን ወደ ፊቷ አዞረች፤ ዓይን ዓይኑን እያየች አጠባችው።